ዕዳ እንጀራችን ላይ አይደርስም ለሚሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰዉ ሁሉ የሚቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። የአገር ዕዳ የባንክ ሰዎችና የሚኒስትሮች ጉዳይ ነው። ሕዝብ የሚራበው በጦርነትና በድርቅ ነው። ስለዚህ ችግር ላይ ባለ አገር ስለ ምግብ ሲወራ ዕዳን መጎተት ነገር ማወሳሰብ ነው። ጸሐፊው ለዚህ ስድስት ነጥብ ያነሳሉ። ከስድስቱ ውስጥ እውነት ያለባቸው አሉ፣ እነሱን አልክድም። መደምደሚያቸው ግን ስህተት ነው፤ ያውም ሰው አምኖት ቢቀመጥ የሚጎዳ ስህተት።

እኔ የምኖረው ከአዲስ አበባ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። እዚህ ሰፈር ብድር በዓይን ይታያል። የአዲስ አዳማ የክፍያ መንገድ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሆነውን ያበደረው የቻይና ኤግዚም ባንክ ነው። ወረድ ሲባል በእንዶዴ በኩል የጅቡቲው ባቡር ያልፋል። እሱም በአብዛኛው የዚያው ባንክ ብድር ነው። በኮዬ ፈጬ በኩል የተደረደሩት ኮንዶሚኒየሞች ደግሞ ከተማው ከንግድ ባንክ ተበድሮ ያሠራቸው ናቸው። ሰው በእነዚህ መሀል እየኖረ፣ በየወሩ የእንጀራ ዋጋ ሲጨምር እያየ፣ ዕዳና ምግብ አይገናኙም ሲባል ዝም ማለት ያቅተዋል።

ወደ ነጥቦቹ ልሂድ።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ረሃብን የሚያመጡት ጦርነትና ድርቅ ናቸው፣ ዕዳ ሰው አስርቦ አያውቅም የሚል ነው።

ጦርነትና ድርቅ ቀዳሚ ምክንያቶች መሆናቸው አያከራክርም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው የሰሜኑ ጦርነት ያደረሰውን አይተናል። በቦረናና በሶማሌ ክልል ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር ከብቱ እንዴት እንዳለቀም አይተናል። ግን እዚያ ላይ ማቆም አይቻልም። ዝናብ በቀረ ጊዜ መንግሥት እጁ ላይ ምን አለ? እህል የሚገዛበት ዶላር አለው ወይ? መጋዘኑ ውስጥ ክምችት አለ ወይ? ድርቅ ረሃብ የሚሆነውም የማይሆነውም እዚህ ላይ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት 10.2 ሚሊዮን ሰው የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። ያኔ መንግሥት የለጋሾችን ደጅ ሲጠና አልከረመም፤ ከራሱ ካዝና በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ ስንዴ ገዛ። ከብት አልቋል፣ ሕፃናትም ተጎድተዋል፣ እሱን ማሳነስ አልፈልግም። የ1977ቱ ዓይነት እልቂት ግን አልደረሰም። ሴፍቲኔት ስለነበረ፣ መንገድ ስለነበረ፣ የሚገዛበትም ገንዘብ ስለነበረ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ምን ይሆን እንደነበር ጸሐፊው ያስቡት።

ዕዳ በቀጥታ ጎተራ ውስጥ ገብቶ እህል ያወጣበትን ምሳሌ ከፈለጉ ደግሞ ማላዊ አለች። የማላዊ የምግብ መጠባበቂያ ድርጅት በቆሎውን የገዛው በባንክ ብድር ነበር። ክምችቱ 167 ሺህ ቶን ገደማ ደርሶ ነበር። ዕዳው ከበደ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትን ጨምሮ የውጭ አማካሪዎች ይህን ያህል ክምችት መያዝ ውድ ነው፣ ከ30 እስከ 60 ሺህ ቶን ይበቃችኋል አሉ። ድርጅቱ ከምክሩም አልፎ ሄደና ከሞላ ጎደል ያለውን በሙሉ ሸጠው። በሽያጩ ውስጥ ሙስናም ገባበት። ከዚያ ጎርፍ መጣ፣ አዝመራው ሳይሳካ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ላይ ሰዎች በረሃብ ሲሞቱ መጋዘኑ ባዶ ነበር። ጎርፉንና ደካማውን አዝመራ ዕዳ አላመጣቸውም። ለክፉ ቀን የተቀመጠው እህል በክፉው ቀን እንዳይኖር ያደረገ ግን አንዱ ዕዳው ነው። ዕዳ ሰው አስርቦ አያውቅም የሚለው ዓረፍተ ነገር ማላዊ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ሁለተኛው ነጥብ ጃፓን ናት። የጃፓን የመንግሥት ዕዳ ከዓመታዊ ምርቷ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ ሆኖም ማንም አልተራበም፤ የኛ ግን ከምርታችን ግማሽ እንኳን አይሞላም፤ እንግዲያው ምን ያስጮሃል ይላሉ።

ይህ ክርክር በጣም ስለተለመደ በደንብ ልመልሰው። ጃፓን የተበደረችው በራሷ ገንዘብ፣ በአብዛኛው ከራሷ ዜጎችና ከራሷ ባንኮች ነው። የን የምታትመው ራሷ ናት። እኛ ለውጭ አበዳሪ የምንከፍለው በዶላር ነው። ዶላር አናትምም። እዚህ ሰፈር ብዙው ሰው የኮንዶሚኒየም ዕዳ በየወሩ ባንክ ይከፍላል። ደሞዙም በብር ነው፣ ዕዳውም በብር ነው፤ እንደምንም ይገፋዋል። ደሞዙ በብር ሆኖ ዕዳው በዶላር ቢሆን ኖሮ፣ ብር ዋጋው በወደቀ ቁጥር ምንም ሳይጨምር የተበደረው ዕዳ ያድግበት ነበር። የአገሪቱ ነገር እንዲህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። 1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ከበጀት ላይ 57 ቢሊዮን ብር ይበቃ የነበረው ከ120 ቢሊዮን በላይ ሆነ። አንድ ሳንቲም ሳንበደር።

ደግሞም ዕዳን ከአገር ምርት ጋር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። የሚከፈለው ከሚሰበሰበው ነው። መንግሥታችን በግብር የሚሰበስበው ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 8 በመቶ እንኳን አልሞላም ነበር፤ የጃፓን መንግሥት የሚሰበስበው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የውጭ ዕዳችን 28 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በነበረበት ጊዜ ዕቃ ወደ ውጭ ልከን የምናገኘው በዓመት ከ3 እስከ 4 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ቁጥሮቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት ነው።

የውስጥ ዕዳስ? እሱማ የራሳችን ብር ነው የሚል ሊኖር ይችላል። የውስጥ ዕዳ የራሱ መንገድ አለው። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር ገበያ ውስጥ የሚገባው ብር ይበዛል፣ ዕቃው ግን አይበዛም፤ ዋጋ ይንራል። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የግል ባንኮች ካበደሩት ከእያንዳንዱ 100 ብር 27 ብር የሚያህል ለመንግሥት ቦንድ እንዲያውሉ ይገደዱ ነበር። ያ ገንዘብ ለዶሮ አርቢ፣ ለወፍጮ ቤት፣ ለዘይት ፋብሪካ ሊበደር ይችል ነበር። ይህን በዚሁ ልለፈው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ልቆይ፤ ዋናው እሱ ነው። ጸሐፊው የምንበላውን የምናመርተው እዚሁ ነው ይላሉ። ጤፍ በዶላር አይገዛም፣ የአድአ ገበሬ ከአበዳሪ ጋር ጉዳይ የለውም፣ ስለዚህ የውጭ ዕዳ እንጀራ ላይ አይደርስም።

ስንቱ እንዲህ ያስባል። እኔ ግን ጤፉ ከማሳ እስከ ሞሰብ የሚሄድበትን መንገድ ልከተል።

ገበሬው ዩሪያና ሌላውን ማዳበሪያ ይገዛል። ማዳበሪያ አገር ውስጥ አይመረትም። ጎዴ ላይ ፋብሪካ ሊተከል ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት የተፈረመው ገና በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እስኪያልቅ ድረስ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ ወርዶ፣ ተጭኖ ይመጣል። ይህን የሚያጓጉዘው መኪና ነዳጁ በዶላር ነው፣ ጎማውም በዶላር፣ መለዋወጫውም በዶላር። ጤፉ ከተማ ሲመጣም በዚያው መኪና ነው። ወጥ የሚሠራበት ዘይት በብዛት ከውጭ የሚመጣ ነው። ስንዴውን እንኳን በመስኖ አመረትነው ብንል የመስኖ ፓምፑም ነዳጁም ከውጭ ነው። 2017 ላይ ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር ሲያልፍ አንዲት ጎረቤቴን፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት፣ ለምን ዋጋ ጨመሩ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ልጄ፣ ጤፉ ብቻ መሰለህ? አይሱዙው ጨመረ፣ ተሸካሚው ጨመረ፣ እኔ የቱን ልቻለው?» አሉኝ። ጸሐፊው በዶላር አይገዛም ያሉት ጤፍ እዚህ ሰፈር የሚደርሰው በዶላር በተገዛ ነዳጅ ነው።

ከዚህ በላይ የሚከብደው ደግሞ ጊዜው ነው። ማዳበሪያ ከመኸር ዘር በፊት ገበሬው እጅ መድረስ አለበት። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቢደርስ ግማሽ ጥቅሙ ሄዷል፤ ነሐሴ ላይ ቢመጣ ለከርሞ ነው። እህል ለመግዛትም እንደዚያው፣ ከወደብ እስከ መጋዘን ወራት ይፈጃል። የወለድ ክፍያም ቀን አለው። የውል ቀን ነው፣ አይዘልም። ብሔራዊ ባንክ ውስጥ ያለው ዶላር ጥቂት ሲሆን እነዚህ ቀኖች ይጋጫሉ። አበዳሪው ይከፈለው ወይስ ማዳበሪያው ይገዛ? ዕዳ ከባድ ባልሆነበት አገር ይህ ጥያቄ አይነሳም፣ ሁለቱም ይከፈላሉ። ዕዳ በከበደበትና ቀውስ ባለበት አገር ግን በየዓመቱ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜም የሚጠብቀው ገበሬው ነው፤ ምክንያቱም አበዳሪው ጠበቃ አለው፣ የአገሮችን ዕዳ የመክፈል አቅም የሚመዝኑ ደረጃ አውጪ ድርጅቶች አሉት፣ ቀጣዩን ብድር አልሰጥም የሚል ማስፈራሪያ አለው፣ ገበሬው ደግሞ ቢዘገይበትም የሚከስበት ቦታ የለውም።

የዩክሬን ጦርነት በ2014 ዓ.ም. የካቲት ሲጀምር የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሰማይ ወጣ። በጦርነት ላይ የነበረች፣ የዕዳ ሽግሽግ፣ ማለትም የዕዳዋ መክፈያ ጊዜና መጠን እንዲስተካከልላት ጠይቃ መልስ የምትጠብቅ አገር ያንን ዋጋ መክፈል ነበረባት። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ ዘገየ፣ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ሰልፍ ወጡ። መዘግየቱ የምንዛሪ እጥረት ብቻ ያመጣው አይደለም። የግዢ ሂደቱ ተንዛዛ፣ ጸጥታው መንገድ ዘጋ፣ ስርጭት ላይ ደላላና ሌባ ነበረ። የዶላር እጥረቱ ግን ከሁሉም በላይ ተደርቦ ነበር። ሌላው ሁሉ ቢስተካከል እንኳን ዶላር ከሌለ ማዳበሪያ የለም።

ስሪላንካን ያየ ደግሞ ይህ የኛ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሚያዝያ የስሪላንካ መንግሥት የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በድንገት አገደ። የተሰጠው ምክንያት ወደ ተፈጥሮ ግብርና እንሸጋገር የሚል ነበር፤ የዶላር ክምችቷ እየተሟጠጠ መሆኑና ዕዳዋ መክበዱ ግን ከውሳኔው ጀርባ ነበር። የሩዝ ምርት አሽቆለቆለ። ሩዝ ራሷን ትችል የነበረች አገር ሩዝ ከውጭ መግዛት ጀመረች፤ የምትገዛበት ዶላር ሳይኖራት። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቆመች፣ ሐምሌ ላይ ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ወጡ፣ መስከረም ላይ የምግብ ዋጋ ግሽበት ከ90 በመቶ አልፎ ነበር። የምትበላውን ሩዝ የምታመርተው እዚያው ነበር። አላዳናትም።

አራተኛው ነጥብ ብድሩ መንገድና ባቡር ሠራ፣ መንገድና ባቡር ደግሞ እህል ያመላልሳል የሚል ነው። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ብዙ ልዩነት የለኝም። የጅቡቲው ባቡር ሥራው ሳይጠናቀቅ፣ በ2008ቱ ድርቅ ወቅት፣ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ የእርዳታ ስንዴ ከወደብ ማመላለስ ጀምሮ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በክፍያ መንገዱም በየቀኑ እጠቀማለሁ፤ አትክልት የጫነ መኪና በድሮው መንገድ በዱከም በኩል ምን ያህል ይቆም እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ነገር ግን ብድር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለባቡሩ የተበደርነው በአጭር ጊዜ የሚከፈል ስለነበረ ዕዳው ገቢውን ቀደመው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የመክፈያው ጊዜ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲረዝም ከቻይና ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። ጥሩ ሥራ ነበር፣ ግን ባቡሩ ቶሎ ዶላር እንደማያመጣ መጀመሪያውኑ ይታወቅ ነበር። ስኳር ፋብሪካዎቹማ ሌላ ታሪክ ናቸው። ስኳር ለውጭ እንሸጣለን ተብሎ በቢሊዮኖች ተበደርን። ዛሬ ስኳር ከሸማቾች ማኅበር ሲመጣ ሰልፉን የምናየው እኛ ነን። የሚከፈለው ዕዳ ከስኳሩ ቀድሞ ደረሰ። ጸሐፊው የሠራውን ብቻ ቆጥረው ያልሠራውን አልፈውታል።

አምስተኛው ነጥብ በጣም ያሳሰበኝ ነው። ጸሐፊው ዕዳ ካስቸገረ መልሱ ቀላል ነው ይላሉ። ታኅሣሥ 2016 ላይ መክፈል አቁመናል፤ ሰማይ አልተደፋም፤ ሌላውንም እናቁም፣ ገንዘቡ ለስንዴ ይዋል።

ቢሆንልን ደስ ይለኛል። ግን የሆነውን እንይ። በ2007 ዓ.ም. 1 ቢሊዮን ዶላር በዩሮቦንድ፣ ማለትም ለውጭ ገዢዎች በተሸጠ የመንግሥት ቦንድ ተበድረን ነበር፣ በ6.625 በመቶ ወለድ። ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 መከፈል የነበረበት የወለድ ክፍያ 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሳይከፈል የሁለት ሳምንቱ የእፎይታ ጊዜ አለቀ። ገንዘብ ሚኒስቴር ያኔ የሰጠው ምክንያት ሁሉንም አበዳሪ እኩል ለማስተናገድ ነው የሚል ነበር። በመርህ ደረጃ አግባብ አለው። ሆኖም መክፈል ማቆም ማለት ነጻ መሆን ማለት አይደለም። በመጀመሪያ፣ የቆመው የቦንዱና የመንግሥታት ብድር ነው። ለዓለም ባንክና ለመሰሎቹ የሚከፈለው አልቆመም፤ እሱን ካቆሙ የሚመጣው ብድርም እርዳታም ይቆማል። ሁለተኛ፣ ከውጭ ዕቃ ለማስመጣት ኤልሲ (ባንኩ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የሚከፍት ነጋዴ የውጭ ባንክ በኢትዮጵያ ባንክ ቃል ላይ እምነት እንዲኖረው ያስፈልገዋል። አገሪቱ ዕዳ ያልከፈለች ተብላ ስትመዘገብ የውጭ ባንኩ ገንዘቡ በቅድሚያ ይቀመጥልኝ ይላል ወይም ዋጋ ይጨምራል። የጨመረውን ነጋዴው አይበላውም፤ ዘይቱ ላይ ይጨምረዋል።

ሦስተኛው ደግሞ ድርድሩ ነው። የዕዳ ሽግሽግ የጠየቅነው ጥር 2013 ነው፣ ደሃ አገሮች ዕዳቸውን በሚያሸጋሽጉበት በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ በኩል። ቻይናና ፈረንሳይ የሚመሩት የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ወደ 8.4 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋው ዕዳ ላይ በመርህ ደረጃ የተስማማው መጋቢት 2017 ነው። ከአራት ዓመት በላይ። በነዚህ ዓመታት ውስጥ የሰሜኑ ጦርነት አልቋል፣ ሌላ ግጭት ተነስቷል፣ ቦረና በድርቅ ተመትቷል። ሕፃን ልጅ በነዚህ ዓመታት ተወልዶ አፉን ፈትቷል። በምግብ እጥረት የቀጨጨ ልጅ ከሁለት ዓመቱ በኋላ የቀረበትን እድገት መልሶ ማግኘት በጣም ከባድ ነው፤ ሐኪም ይጠየቅ። ለእሱ የዘገየ ስምምነት ምን ያደርግለታል? ከቦንድ ባለቤቶቹ ጋር የነበረው ድርድርማ ከዚያም በኋላ ቀጠለ።

ዛምቢያም በዚያው መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ኅዳር መክፈል አቆመች። በ2023 ሰኔ ከመንግሥታት አበዳሪዎች ጋር በ6.3 ቢሊዮን ዶላር ላይ ተስማማች። ከቦንድ ባለቤቶች ጋር ያደረገችውን የመጀመሪያ ስምምነት መንግሥታቱ አልተቀበሉትም፣ እንደገና ተጀመረ። ያ ሳያልቅ የ2024ቱ ድርቅ መጣ። ከተዘራው 2.2 ሚሊዮን ሄክታር በቆሎ 1 ሚሊዮን የሚሆነው ጠፋ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንቱ ብሔራዊ አደጋ አወጁ። ድርቁ የድርድሩን ማለቅ አልጠበቀም።

ሊባኖስም አለች፣ ልጆቻችን በብዛት ለሥራ የሚሄዱባት። እ.ኤ.አ. በ2020 መጋቢት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ ሳትከፍል ቀረች። ገንዘቧ ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ የእህል ጎተራዎቹ ተመቱ። በ2022 የዩክሬን ስንዴ ሲቋረጥባት ዳቦ እንዳይጠፋ ከዓለም ባንክ 150 ሚሊዮን ዶላር ለስንዴ ግዢ ተበደረች። ዕዳ መክፈል ያቆመች አገር ዳቦ ለመብላት ተበደረች። ማቆም መፍትሔ ነው የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ያለውን መከራ አይተው ነው ወይ የሚሉት?

እኔ ክፈሉ እያልኩ አይደለም። መክፈል ያልቻለ አይክፈል። የምለው፣ ከአቅም በላይ የሆነ ዕዳ በፍጥነትና በቂ በሆነ መጠን መቀነስ አለበት፤ ዓመታት የሚፈጅ መንጠልጠል ግን ከመክፈልም ካለመክፈልም የሚብስ ነው። ሽግሽጉ ራሱም በነጻ አልመጣም። ሐምሌ 2016 ላይ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር የተፈረመው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ከብሩ መውረድ ጋር ነው የመጣው። መንግሥት ለማዳበሪያ፣ ለነዳጅ፣ ለዘይትና ለመድኃኒት ድጎማ እሰጣለሁ አለ፤ ሰጥቷልም። ለ2017 ዓ.ም. 971 ቢሊዮን ብር የተያዘው በጀት ዓመቱ ሳይጋመስ ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨመረበት። ሆኖም ድጎማው የሚደርሰው ኮዬ ፈጬ ተከራይቶ በቀን ሥራ ለሚኖር ሰው ምን ያህል ነው? ምሳውን ትምህርት ቤት የሚበላ ልጅ አንዱ ሸክም ተነስቶለታል፣ የከተማው የተማሪዎች ምገባ ጥሩ ሥራ ነው። እራቱ ግን ከቤት ነው።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ክፉ ቀን ሲመጣ እርዳታ ይመጣል፣ እርዳታ ከዕዳ የተለየ ቦርሳ ነው የሚል ነው። ይህን በአጭሩ እመልሳለሁ፣ ምክንያቱም ያለፉት ዓመታት መልሰውታል። ሰኔ 2015 ላይ እህሉ ለማይገባው እየዋለ ነው ተብሎ የአሜሪካ የልማት ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) እና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላው አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቋረጡ። ወራት ፈጀ። ሌባው ሌላ፣ የተቀጣው ሌላ ሆነ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ያንኑ የልማት ድርጅት አፈረሰችው። የሰው እጅ ላይ ያለ እህል የራስ አይደለም።

ቦርሳው የተለየ ነው የሚለውም አያስኬድም። ሶማሊያ ያልተከፈለ አሮጌ ዕዳ ስለነበረባት ለአሥርት ዓመታት ከዓለም ባንክና ከገንዘብ ድርጅቱ እንደሌላው አገር መበደር አትችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 260 ሺህ ሰው የፈጀው ረሃብ ሲመጣ ጠንካራ መንግሥት አልነበራትም፣ የሚያበድራትም አልነበረም። 4.5 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነው ዕዳዋ የተሰረዘው በ2023 ታኅሣሥ ነው። ሱዳን ደግሞ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳዋ በ2021 ሰኔ ሊሰረዝ መንገድ ጀምሮ፣ በጥቅምቱ መፈንቅለ መንግሥት ቆመ። በ2023 ሚያዝያ ጦርነት መጣ፣ በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ በዳርፉር ዘምዘም የተፈናቃዮች መጠለያ ረሃብ መግባቱ በይፋ ተነገረ። ረሃቡን ያመጣው ጦርነቱ ነው፣ እደግመዋለሁ። ነገ ጦርነቱ ሲቆም ያንን ዕዳ ተሸክሞ እርሻ የሚያቋቁም መንግሥት ግን ከየት ይመጣል?

ጸሐፊው በመጨረሻ፣ እንግዲያው ምን ይደረግ ለሚል ጥያቄ መልስ የለም ብለዋል። አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ግሬናዳ ዕዳዋን ስታሸጋሽግ ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገባች፦ ከባድ አውሎ ነፋስ ከመታን የተወሰነ ክፍያ ይዘግያል የሚል። በ2024 ሐምሌ ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታት አንቀጹን ተጠቀመችበት። ድርድር አላስፈለገም፣ ገንዘቡ ለመልሶ ግንባታ ዋለ። እኛን የሚመታን አውሎ ነፋስ ሳይሆን ድርቅ ነው። ዝናብ መቅረቱ በሳተላይትም በመለኪያ ጣቢያም ይታወቃል፤ አንቀጹን ለመጻፍ የሚያስቸግር ነገር የለም። ድርቅ በታወጀበት ዓመት የወለድ ክፍያ በራሱ ይዘልላል የሚል አንቀጽ እያንዳንዱ አዲስ ውል ውስጥ ይግባ። የማዳበሪያ መግዣው ዶላር ደግሞ ከማንኛውም ክፍያ በፊት በየዓመቱ ለብቻው ይቀመጥ።

የውጭ ብድር ስምምነቶች እንዲጸድቁ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳሉ፣ አዋጅ ሆነው በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣሉ። ብዙዎቹ በአንድ ስብሰባ ተነብበው ያልፋሉ። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ የምክር ቤት አባል እጁን አውጥቶ፣ ይህ ብድር በስንት ዓመት ይከፈላል፣ በየትኛው ወር ይከፈላል፣ ዝናብ ቢቀር ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቅልን። ጸሐፊውም ቢሆኑ በዚህ ጥያቄ የሚቃወሙኝ አይመስለኝም።